የቨርሊን ስታውፈር ካርታና የወንዝ ማዶ ሕግ

ቨርሊን ስታውፈር ወተት ለመግዛት ታጥቆ የሚወጣ ሰው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አጥር ተጋርተን ስንኖር፣ የግቢውን ሣር ሲያጭድ እንኳ ሽጉጡን ከወገቡ ሲፈታ አላየሁም። ማንን እንደሚፈራ አንድ ቀን ጠይቄው ነበር። ማንንም እንደማይፈራ፣ የሚታጠቀውም ለዚሁ እንደሆነ ነገረኝ። እንዲህ ያለ መልስ ሳይስቁ ለመስማት ትዕግሥት ይጠይቃል።

በሥራ ዘመኑ የቤት ማሞቂያ ጠጋኝ ነበር፤ ክፉ ጠጋኝም አልነበረም። ጡረታ ሲወጣ ግን የሕግ ሊቅ ሆነ። በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ በሰፈራችን የእሳት አደጋ ጣቢያ አዳራሽ ስለ ሽጉጥ አያያዝና ስለ ሕጉ ያስተምራል። እዚህ ፔንሲልቬንያ የመታጠቅ ፈቃድ ለማውጣት ትምህርት የሚጠይቅህ የለም። የአውራጃው የፖሊስ ሹም፣ ሸሪፉ ቢሮ ትሄዳለህ፣ ትከፍላለህ፣ ስምህ ንጹሕ ከሆነ የፈቃድ ካርድህን ይዘህ ትወጣለህ። እንግዲህ ማንም ያልጠየቀውን ትምህርት ማንም ያልሾመው መምህር ይሰጠው ነበር። እኔ የምሄደው እዚያ ለሚቀርበው ዶናት ነው።

ግድግዳው ላይ የአገሩን ካርታ ሰቅሏል። የእኛን ካርድ የሚቀበሉትን ግዛቶች አረንጓዴ፣ የማይቀበሉትን ቀይ ቀብቷቸዋል። ከዴላዌር ወንዝ ማዶ ያለችው፣ ድልድዩን በእግር ተሻግረህ የምትገባባት ኒው ጀርሲ፣ ቀይ ነበረች። አንድ ቅዳሜ ብሩሹን ይዞ መጣና አረንጓዴ ቀባት። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መታጠቅ መብት ነው ብሎ ስለፈረደ፣ ከእንግዲህ ካርዳችን እንደ መንጃ ፈቃድ በየትም ግዛት ይሠራል አለን። አንዱ ተማሪ ፍርዱን አንብቦት እንደሆነ ጠየቀው። በሬዲዮ መስማቱን ነገረው፤ ለማንበብ ያሰበም አይመስልም።

የዚያን ቀን ከፊቴ የተቀመጠችው የቨርሊን ልጅ ጆሊን ነበረች። ጆሊን ሕሙማንን በየቤታቸው እየዞረች የምትከታተል ነርስ ናት፤ ግማሾቹ ማዶ ፊሊፕስበርግ ናቸው የሚኖሩት። ሽጉጥ ፈልጋ አታውቅም። ለልደቷ በስጦታ ወረቀት ጠቅልሎ የሰጣት፣ ሳትይዘው ስትወጣ ደግሞ የሚያኮርፋት እሱ ነው። በሁላችንም ፊት እጇን አውጥታ፣ ማዶ ስትሄድም ይዛው መሻገር ትችል እንደሆነ ጠየቀችው።

“ይዘሽ ሂጂ እንጂ” አላት። “ፖሊስ ካስቆመሽ እጅሽን መሪው ላይ አድርጊና ሳይጠይቅሽ ቀድመሽ ንገሪው። ጨዋ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው።”

የእኛ ሰዎች ይህችን ጨዋነት ይወዷታል። ከወንዙ ወዲህ ፖሊሱ ያመሰግንሃል፤ ምን ዓይነት ሽጉጥ እንደሆነ ጠይቆ ስለ አደን አውግቶህ ያሰናብትሃል። ጆሊንን ያስቆማት ግን የማዶው ፖሊስ ነበር፤ ምክንያቱም የኋላ መብራቷ መቃጠሉ ነው። እጇን መሪው ላይ አድርጋ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ሽጉጥ እንዳለ፣ ፈቃድም እንዳላት በትሕትና ነገረችው። በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ ነውና በካቴና ታስራ ተወሰደች። የለፈለፈው ሌላ፣ የጠፋችው ሌላ መሆኑ ነው የሚያንገበግበኝ።

ኒው ጀርሲ ራሷ ያልሰጠችውን ፈቃድ አታውቅም። እኛ ዘንድ በክብር የሚታጠቁት ሽጉጥ እዚያ ያለ ፈቃድ ከተገኘ ቢያንስ ሦስት ዓመት ተኩል ያሳስራል። አንዲት ጠባብ ወንዝ መሐል አልፋ ያንኑ ሰው በአንዱ ዳር ጨዋ ዜጋ፣ በሌላው ዳር ወንጀለኛ ታደርገዋለች፤ ሁለቱም ዳር ያሉት ደግሞ በጥበባቸው ይኮራሉ። ጆሊን ከእስሩ ሌላ የነርስነት ፈቃዷንም ልታጣ ነው። ጠበቃዋ አንድ መውጫ አገኘላት። ተሳስታ እንጂ አስባ እንዳላደረገችው የኒው ጀርሲዋ ዐቃቤ ሕግ ካመነች፣ ሳትታሰር በክትትል ብቻ ልትተዋት ትችላለች። ለዚህም መምህሯ መጥቶ “ያሳሳትኳት እኔ ነኝ” ይበል። ከአባቷ የተፈለገው ይህ ብቻ ነበር።

ማዶ ወደ ዐቃቤ ሕጓ ቢሮ በመኪናዬ ወሰድኩት። ክራባት አስሯል፤ ወገቡ ግን ባዶ ነበር። በሃያ ዓመት ውስጥ ያን ቀን ብቻ ሽጉጡን ቤቱ ትቶ ወጣ። ለራሱ ሲሆን የማዶውን ሕግ አሳምሮ ያውቀዋል ማለት ነው። ያኔውኑ መኪናውን አዙሬ ብመልሰው ደስ ባለኝ፤ ግን ልጅቱ እየጠበቀች ነበር።

ዐቃቤ ሕጓ ፊት ተቀምጦ ስለ መብት፣ ስለ አባቶቻችን፣ ስለ ሕገ መንግሥቱ ብዙ ተናገረ። ሴትዮዋ አስጨረሰችው።

“ጥያቄዬ አንድ ነው፣ አቶ ስታውፈር” አለችው። “ልጅዎን ‘ሽጉጡን ይዘሽ ተሻገሪ’ ብለዋታል?”

ጆሊን አጠገቡ ተቀምጣ ታየዋለች። እሱ ካርታውን፣ አዳራሹን፣ ‘መምህር’ የሚሉትን ሰዎች እያሰበ እንደነበር አልጠራጠርም።

“አላልኳትም” አለ። “ሕጉን ራሳችሁ አረጋግጡ ነው የምለው፣ ሁልጊዜ።”

እኔ ጣልቃ ገብቼ በጆሮዬ የሰማሁትን ተናገርኩ። መምህሩ አላልኩም ካለ፣ ዶናት ሊበላ የመጣ ጎረቤት ምስክርነት ምን ሚዛን ይደፋል? በመጨረሻ በድርድር አንድ ዓመት እስራት ሆነላት። የነርስነት ፈቃዷም ሄደ።

እጇን የምትሰጠው ሰኞ ነበር፤ በፊቱ ያለው ቅዳሜ የትምህርት ቀን ነው። ሄድኩ፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ እስከ የት እንደሚያደርሰው ለማየት እንጂ የዚያን ቀን ዶናቱን አልነካሁም። ኒው ጀርሲ ተመልሳ ቀይ ሆናለች። አዳራሹን የሞሉት አዲስ ሰዎች ነበሩ። ቨርሊን ካርታውን በዱላ እየነካ፣ በቅርቡ አንዲት ሴት በክፍል ውስጥ የተነገራትን ባለመስማቷ ጉድ እንደሆነች ይተርክላቸዋል።

ጆሊን መቼ እንደገባች አላየሁም። ከበሩ አጠገብ ቆማ እጇን አወጣች።

“ሴትዮዋን ያውቋታል?” አለችው።

ዱላውን ከካርታው ላይ አወረደ።

“በስም ብቻ” አላት።

“እሺ፣ አባባ” ብላ ወጣች፤ አዳራሹ ሙሉ ፊቱን ወደ እሱ አዞረ።