በተዘጋ በር ቫርኒሽ የረጨው ለገሠ

ለገሠ ሳህሉ የወታደር ልጅ ነው። አባቱ ከሸዋ መጥተው ሐረር ሲሰፍሩ ጠመንጃ ይዘው ነበር፤ እሱ ግን ገና በጉርምስናው አንድ ህንዳዊ አናጢ ዘንድ ገብቶ መጋዝና መላጊያ ያዘ። በ፲፱፻፳፫ ዓ.ም. ከሚስቱ ከሙሉነሽ ጋር በሐረር ግንብ ውስጥ፣ ፈላና በር አጠገብ፣ የሐጂ ባሕሩዲንን ሁለት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። በአንዱ ይተኛሉ፣ በሌላው ይሠራል። ሐጂና ባለቤታቸው ዐይሻ በዚያው ግቢ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ናቸው።

ቀድሞ ቫርኒሽ የሚቀባው በጨርቅ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ከጅቡቲ በባቡር የመጣ፣ በእጅ እየተገፋ ፈሳሽ የሚበትን የተባይ መርጫ አገኘ። ቫርኒሹ ወፍሮ አልወጣ ሲለው በቤንዚን አቀጠነው። ያኔ እንደ ጉም ወጣ፤ እንጨቱ ላይ እንደ መስታወት ተኛ። ያስቸገረው አቧራ ነው። በጠባቡ መንገድ የጭነት አህዮች ባለፉ ቁጥር እርጥቡ ቫርኒሽ ላይ አሸዋ ይለጠፋል። ስለዚህ በሩን ዘግቶ፣ መስኮቱ ላይ ጆንያ ጎስጉሶ መሥራት ጀመረ።

«ራስህን አያዞርህም?» አለችው ሙሉነሽ።

«መጀመሪያ ሰሞን ያዞረኝ ነበር። አሁን እኮ ጭራሽ አይሸተኝም።»

«ሽታው ጠፍቶ ነው ወይስ አፍንጫህ ሞቶ?»

ሳቀባት።

ለእሑድ ሠርግ የታዘዘ የዋንዛ ቁም ሳጥን ነበረበት። ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሙሉነሽ ደጃፉ ላይ፣ ፍም በሞላ የሸክላ ምድጃ የእንጨት ሙጫ ታቀልጥ ነበር። ከውስጥ የመርጫው ሽው፣ ሽው ይሰማታል። ቆይቶ ዘፈን ሰማች። ለገሠ ሥራ ላይ ዘፍኖ አያውቅም። ግጥሙ አፉ ውስጥ ተንተባተበ፤ ከዚያ አንድ ከባድ ነገር ወደቀ፤ መርጫውም ዝም አለ።

«ለገሠ!»

በሩን ልትገፋ እጇን ስትዘረጋ ዐይሻ ከደጃቸው ጮኹ፦

«ልጄ! እሳቱ! መጀመሪያ እሳቱን!»

ሙሉነሽ እግሯ ሥር ያለውን ፍም አየች። በሩ ቢከፈት ያ ሁሉ የቤንዚን ትነት የሚወጣው በእሱ ላይ ነው። ባሏ ከሳንቃው ወዲያ ወድቋል፤ እሷ ደግሞ ጀርባዋን ሰጥታው መሄድ አለባት። ምድጃውን በባዶ እጇ አንስታ ወደ ግቢው ዳር ሮጠች። መዳፏ ሲቃጠል ይሰማታል፤ አልጣለችውም። ዐይሻ አንድ እንስራ ውሃ ገለበጡበት።

ተመልሳ በሩን በረገደችው። ትንፋሿን ይዛ ገባች፣ ጎንበስ ብላ ብብቱን ይዛ ጎተተች። አልነቃነቅ አላት። ትንፋሿ አመለጠ፤ ወለሉ አካባቢ ያለው ሽታ ዓይኗንም ጉሮሮዋንም አቃጠለው። ትታው ወጣች። ደጅ ቆማ ሦስት ጊዜ ተነፈሰች። በኋላ ስታወራ፣ «ያቺ ሦስት ትንፋሽ ከወለድኩበት ምጥ ትበልጥ ነበር» ትላለች።

ሐጂ ባሕሩዲን እየሮጡ ደረሱ። አብረው ገብተው አንዳንድ እግሩን ይዘው ግቢው መሐል ጎትተው አወጡት። ከንፈሩ ጠቁሯል። «ያ አላህ! ያ አላህ!» ይላሉ ሐጂ። ዐይሻ በጎኑ አዞሩት። ጥቂት ቆይቶ አስመለሰው፤ ዓይኑን ገለጠ።

ሁለት ቀን ራሱን ይዞ ተኛ። በሦስተኛው ቀን ሐጂ ገቡ፤ አልተቀመጡም።

«ከእንግዲህ በቤቴ አትረጭም። ያን ቀን እሳት ቢነሳ የምቃጠለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ሰፈሩ በሙሉ ግድግዳው የተያያዘ ነው።»

«ሐጂ፣ እንጀራዬ ነው። እርስዎ ከከለከሉኝ ወዴት እሄዳለሁ?»

«እንጀራህ ሊገድልህ ነበር እኮ!»

ሙሉነሽ የታሰረ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትሰማለች። «ሐጂ፣ አንድ ነገር ልበል?» አለች። «ስቆም ሽታው እምብዛም አልነበረም። ስጎነበስ ነው ያቃጠለኝ። ትነቱ ይከብዳል፣ ወደ ታች ይተኛል መሰለኝ። መውጫ ከተበጀለት ከወለሉ ሥር ይሁን፤ ንጹሕ አየር ደግሞ በወዲያኛው በኩል ይግባ።»

ሐጂ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱ። «ወደ መንገዱ አይሆንም፤ ሰው ፍም ይዞ ያልፋል። ከቤቱ ኋላ ወዳለው ባዶ ቦታ ይፈንቀል። ቤንዚን ደግሞ ደጄን አይርገጥ።»

በሳምንቱ ሁለቱ ወንዶች ከወለሉ ሥር ሰፊ ቀዳዳ ፈነቀሉ። በወዲያኛው በኩል መስኮቱ ጆንያው ወልቆለት፣ አቧራ እንዲይዝ ስስ ሻሽ ተወጠረበት። ለገሠ ቫርኒሹን በቤንዚን ፈንታ በተርፔንታይን፣ ከጥድ ሙጫ በሚወጣ ቀጭን ዘይት፣ ማቅጠን ጀመረ። ቀዳዳው ላይም የጥጥ ክር አንጠለጠለ፤ አየሩ ክሩን ወደ ውጭ ካልነፋው መርጫውን አይነካም። ጥቂት ረጭቶ ይወጣል፣ ተንፍሶ ይመለሳል። ሲረጭ በግቢው እሳት አይነድም፤ ሙሉነሽም ደጅ ሆና ስሙን ትጠራለች፣ ይመልስላታል።

ቁም ሳጥኑ፣ ያን ቀን የክፍሉ በር በተበረገደ ጊዜ አቧራ ጠጥቶ ስለነበር፣ ለሠርጉ አልደረሰም። የሙሽራዋ አባት ተቆጥተው ሄዱ። ለገሠ ግን ፍቆ እንደገና ሠራው፤ ከሠርጉ በኋላ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሁለት ተሸካሚዎች ወደ ሙሽራዋ ቤት ሊያደርሱት ይዘውት በፈላና በር ወጡ።