ጨጓራ የከረመበት ተሳቢ

ትራክ የምንለው፣ ሰው የራሱን መኪና ይዞ ሄዶ ፖሊስ ሳያስቆመው ቀኑን ሙሉ በፍጥነት የሚነዳበት ዝግ መንገድ ነው። ሽልማት የለውም። እኔ የምሄድበት ትራክ ከሚኒያፖሊስ በስተሰሜን ከሁለት ሰዓት በላይ ያስነዳል። በመጀመሪያ መኪናዬ በራሷ ጎማ ደርሳ ትመለስ ነበር። በኋላ ግን እንድትቀል ብዬ ማርሚታዋን አወጣሁ፣ ማሞቂያዋን ነቀልኩ፣ ከሹፌሩ ወንበር በቀር ሁሉንም አነሳሁ፤ ታርጋዋንም ሳላሳድስ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ አስፋልት ላይ መውጣት አትችልም። ተጭና ካልሄደች አትሄድም።

ስለዚህ ዙሪያውና ጣሪያው የተሸፈነ አሮጌ ተሳቢ ገዛሁ። የሚጎትት መኪና ግን አልነበረኝም። ፒክአፕ ያላቸው አጎቴ ናቸው። ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሚኒባስ ይነዳሉ፤ ፒክአፓቸውን ለማንም አያስነኩም። ስምምነታችን ቀላል ነበር፦ እኔ ትራክ ስሄድ ራሳቸው እየነዱ ይጎትቱልኛል፤ እሳቸው የሚጭኑት ሲኖራቸው ተሳቢውን ይወስዳሉ። የሚቆመውም ኒው ሆፕ እሳቸው ቤት ጓሮ ነበር፤ እኔ ከምኖርበት ሴዳር ሪቨርሳይድ ፎቅ ሥር ለተሳቢ ቀርቶ ለብስክሌት ቦታ አይገኝም።

ክረምቱን ሙሉ፣ ከመኪናዋ ፍሬንና መሪ ሌላ፣ የሠራሁት የተሳቢውን ወለል ነበር። አሮጌውን ኮምፔንሳቶ አንሥቼ አዲስ አለበስኩት፤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፤ ግራጫ ቀለም ደጋግሜ ቀባሁት። የመኪናው ጎማ ከወለሉ የሚያነሳው አንዲት ጠብታ ዘይት ወይም አንዲት የብረት ፍቅፋቂ ትራክ ላይ ዋጋ ታስከፍላለች። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ በካልሲ ነበር የምገባበት። ከፊት በኩል ትንሽ ቁም ሳጥን ገጥሜ ሄልሜቴን እዚያ አስቀመጥኩ።

የዓመቱ የመጀመሪያ የትራክ ቀን የዋለው ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ነበር። ዓርብ ከሥራ እንደወጣሁ ኒው ሆፕ ሄጄ የተሳቢውን በር ከፈትኩ። ወዲያው መልሼ ዘጋሁት።

አጎቴ ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ ከቤት ወጡ።

«ምነው ዘጋኸው?»

«ጋሼ፣ ውስጡ ምንድን ነው?»

«ምን ይኖረዋል? በቅዳም ሹር ቅርጫውን ያመጣንበት ነው። አጥበነዋል እኮ!»

ያጠቡት በባልዲ ውሃ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ሞራ አያጥብም፤ ይገፋዋል እንጂ። ሞራው ወደ ጥጋጥጉ ሸሽቶ ነጭ ሆኖ ረግቷል። ደሙ መኪናዋን በማስርባቸው ቀለበቶች ሥር ገብቶ ጠቁሯል። ከዚያ ደግሞ መሐል ወለሉ ላይ የመጥረቢያ ምልክት አየሁ። አንድ ሁለት ቢሆን ባልከፋ፤ በየአቅጣጫው ተከትክቷል። በየስንጥቁ የአጥንት ፍርፋሪ ተሰክቷል።

«እዚህ ላይ ነው የቆረጣችሁት?»

«በሬውን ያረድንበት ገበሬ ግቢ በረዶ ቀላቅሎ ያወርደዋል፤ ታዲያ ሥጋው ዝናብ ይምታው? እዚሁ ውስጥ ከትፈን መደብ መደቡን አወጣን። ደግሞ ሰዉ ሁሉ ሲያደንቅህ ነበር! ‹ይሄ ልጅ ወለሉን እንደ ሳህን ነው የያዘው› እያሉ። ቆሻሻ ቢሆን ማን ይቆርጥበት ነበር?»

ንጹሕ ባላደርገው ኖሮ አይነኩትም ነበር ማለት ነው።

ሽታው ግን ከወለሉ ብቻ አልነበረም። አፍንጫዬን በክንዴ ይዤ ገባሁ። ከቁም ሳጥኑ ሥር፣ ጥግ ላይ፣ አፉ የተቋጠረ ጥቁር ፌስታል ተቀምጧል። እንደ ኳስ ተነፍቷል። በእንጨት ስነካው ከሥሩ አረንጓዴ ውሃ ወጣ። አጎቴ ከበሩ ሆነው አንገታቸውን አስገቡ፤ ፊታቸው በራ። ስልካቸውን አወጡና ከቅርጫው ተካፋዮች ለአንዱ ድምፁን ከፍተው ደወሉ።

«አንተ ሰውዬ! ጨጓራህ ተገኘ! ሳምንቱን ሙሉ ሌባ ስትለን ከርመህ!»

«የት?» አለ ሰውየው።

«የልጁ ተሳቢ ውስጥ። ራስህ ረስተኸው!»

ሰውየው ትንሽ አሰበ። «ታዲያ ለዱለት ይሆናል?»

አጎቴ ፌስታሉን አዩት። «እንግዲህ… ዱለቱ ይቅርብህ።»

ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ። እኔ አልሳቅሁም። ነገ ጠዋት መኪናዬ እዚህ ላይ መጫን አለባት፤ ካልተጫነች የክረምቱን ሥራ የምሞክርበት ቀን አለፈ ማለት ነው። ሌላ ተሳቢም፣ ሌላ ፒክአፕም አላውቅም። ስለዚህ ፌስታሉን ሌላ ፌስታል ውስጥ ከትቼ ጣልኩ፤ ተሳቢውን ባለመኪናው ሳንቲም ከፍሎ ራሱ ወደሚያጥብበት ቦታ አስወሰድኩ፤ በሙቅ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ተንበርክኬ ፈተግሁ። የአጥንቱን ፍርፋሪ በጠፍጣፋ መፍቻ አንድ በአንድ ለቀምኩ። ከኋላችን ተራ ይጠብቅ የነበረ ሰው የሚፈሰውን አይቶ መኪናውን ወደኋላ መለሰና ሄደ። አጎቴ ፒክአፓቸው ውስጥ ተቀምጠው መዝሙር ያዳምጡ ነበር።

ከማሰሪያ ቀበቶዎቹ አንዱ ጠርዙ በቢላ ተነክቷል። በሬውን ሰቅለውበት ኖሯል። ጠርዙ የተነካ ቀበቶ መኪና አይታሰርበትም፤ ወረወርኩት። አጎቴ ከቆሻሻው አንሥተው አራገፉት።

«ጤነኛ ነገር ትጥላለህ እንዴ? አንተ ልጅ እኮ ነገር ታበዛለህ።»

ሄልሜቱን ቤት ወስጄ ውስጡን በሳሙና ጨርቅ ጠረግሁት፤ መስኮት አጠገብ አሳደርኩት። ጠዋት ሳሸተው የሳሙና ሽታ ብቻ ነበረው።

ቅዳሜ ጠዋት አዲስ ቀበቶ ገዝቼ፣ መኪናዬን እዚያው ኒው ሆፕ ከተከራየሁት ጋራዥ አውጥቼ፣ ከየጎማው ሥር ንጹሕ ካርቶን አንጥፌ ጫንኳት። ትራኩ ስንደርስ መኪኖቹን የምትመረምረው ሽበታም ሴት የጎማዬን ቡሎኖች ነካካች፤ ባትሪው መታሰሩን አየች፤ ከዚያ በተሳቢው ክፍት በር በኩል ስታልፍ ቆመች።

«እዚህ ውስጥ የሞተ ነገር አለ?»

«በሬ» አልኳት።

ቀልድ መሰላት። ስቃ የማለፊያውን ምልክት መስታወቴ ላይ ለጠፈችልኝ።

የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በዝግታ ነዳሁ። አዲሱ የፍሬን ሸራ ጥሩ ይይዝ ነበር። መሪው ቀጥ ያለ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ያሰብኩት ሁሉ ልክ ሊሆን ነው ብዬ ፍጥነት ጨመርኩ። ያኔ ራሴ ሞቀ፣ አላበኝ። ሄልሜቱ ውስጥ ያለው ስፖንጅም ሞቀ። ሽታው የመጣው ከዚያ ነው፤ ሳምንት ሙሉ የጠጣውን አሁን ከአፍንጫዬ ሥር ይተፋው ጀመር። የሰናፍጭ ያህል ዐይን ያቃጥላል። በአፌ ስተነፍስ ምላሴ ላይ ተቀመጠ። የፊቱን መስታወት ብከፍተው ነፋሱ ሽታውን ወደ ጉሮሮዬ ገፋው። ዐይኔ እንባ ሞላ፤ ፍሬን የምይዝበትን ምልክት ሳላየው አለፍኩ፤ መኪናዋ ከአስፋልቱ ወጥታ ሣር ላይ ተንሸራተተችና ከጎማ አጥሩ ጥቂት ክንድ ሲቀራት ቆመች።

ምንም አልሆነችም። ቀስ ብዬ ወጣሁ፤ ከተሳቢው ኋላ አቆምኩ፤ ሄልሜቱን እንዳወለቅሁ አስመለሰኝ።

አጎቴ በታጣፊ ወንበር ተቀምጠው፣ የኔ የመሣሪያ ጠረጴዛ ላይ፣ በመፍቻዎቼ መሐል ጥሬ ሥጋ ይቆርጡ ነበር። ከጎናችን ያቆመ ነጭ ሰውዬ አገጩ በአዋዜ ቀልቶ አብሯቸው ያላምጣል።

«ምነው?» አሉኝ። «የራስህ መኪና አናወጠህ? እኔ ሠላሳ ዓመት ስነዳ አንድ ቀን አላስመለሰኝም!»

ሄልሜቱን ዘረጋሁላቸው። «ይልበሱት።»

«እኔ?»

«ይልበሱት፣ ጋሼ።»

እየሳቁ ጆሯቸው ላይ እስኪጠብቅ ድረስ አጠለቁት። ገና ከራሴ ሙቀት አልበረደም ነበር። መስታወቱን እኔው ዘጋሁላቸው። ሳቁ ቆመ። ሁለት እጃቸውን ሰቅለው መነቅነቅ ጀመሩ፤ ሲያወልቁት ዐይናቸው ቀልቷል።

«ኧረ በስመ አብ! ይሄን ለብሰህ ነው የነዳኸው? ልትሞት? ቀድመህ አትነግረኝም?»

«ትናንት ፌስታሉን ራስዎ አይተዋል።»

ቢላውን አስቀመጡ። ሥጋውን በወረቀት ጠቅልለው ለነጩ ሰውዬ ሰጡት። እኔም ከዚያ በኋላ አልነዳሁም፤ መኪናዋን ጭኜ አሰርኩና ቀኑ ገና ሳይጋመስ ወጣን።

ግማሽ መንገድ ላይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የሰኔው ግን…»

«የሰኔው ምን?»

«የጓደኛዬ ልጅ ትመረቃለች። በሬውን ተነጋግረናል። አሁን ግን ላስቲክ አንጥፈን ነው የምንጭነው።»

«አይሆንም።»

«ላስቲክ ይነጠፋል እያልኩህ!»

«ጋሼ፣ አይሆንም።»

እንዲህ ብዬ መልሼላቸው አላውቅም። «እንግዲህ ፒክአፑም አይኖርም» አሉ ቀስ ብለው።

«አውቃለሁ።»

ኒው ሆፕ ስንደርስ መኪናዋን ወደተከራየሁት ጋራዥ አስገባሁ፤ እሳቸው ተሳቢውን ፈትተው ግቢው ውስጥ ጥለውት ገቡ። በሚቀጥለው ሳምንት ወለሉን ላነሳ ሄድኩ። ኮምፔንሳቶው ሲነሳ ከሥሩ ብረቱ ላይ ሞራው እንደ ሻማ ተደርድሮ አገኘሁት። ቀለሙ ሥር፣ እንጨቱ ሥር፣ በየቡሎኑ ቀዳዳ ወርዷል። ያለ ወለል ትቼው ሄድኩ።

ከዚያ ከመኪናዋ ያወጣሁትን መልሼ መግጠም ጀመርኩ። ማርሚታዋን ገጠምኩ። ማሞቂያዋን ገጠምኩ። ታርጋ አወጣሁላት። ከበደች፤ ድምፅዋ ታፈነ፤ የሠራሁትን በገዛ እጄ ማፍረስ አስጠላኝ፣ ግን አፈረስኩት። በሐምሌ የትራክ ጎማዎቿን ከኋላ አስቀምጬ፣ አዲስ ሄልሜት ጎኔ አስቀምጬ፣ በራሷ ጎማ ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ የማስበው ብሰብራት በምን እንደምመለስ ነበር። ሌሎቹ ፍሬናቸው እስኪጨስ ሲነዱ እኔ ፍሬኔን ለመመለሻው መንገድ እየቆጠብኩ ነዳሁ፤ የመጨረሻዎቹን ዙሮች ተውኳቸው፤ ክሪኬን አውጥቼ ጎማ ቀየርኩና ከሁሉም ቀድሜ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ከብት የጫነ ትልቅ መኪና ቀደመኝና ከፊቴ ገባ፤ ሽታውም በመስኮቱ ተከትሎ ገባ። ሙቀቱ ከባድ ነበር፣ ማቀዝቀዣም የላትም። መስኮቶቹን ሁሉ ዘግቼ በላብ ተጠምቄ ነዳሁ።