ባለ ሁለት ክፍሉ መቃብር

በእኛ በቻይናዋ ሺያንያንግ ገጠር ሰው በቁሙ መቃብሩን ካላሠራ ልጆቹ ይታማሉ። ጡቡን የምደረድረው እኔ ነኝ። ሥራው ሲያልቅ ርችት ይተኮሳል፣ ባለመቃብሩም እንደ ሙሽራ ሲኮፈስ ይውላል። ለቅሶ የሚባል ነገር የለም። እኔ የምናደደው ለግንበኛ የሚቀርበውን የሊጥ ኑድል የሚቆጥብ ቤት ሲገጥመኝ ብቻ ነው።

ጎረቤቴ ዳንግ ሹንፋ የሙታንን ኑሮ ከሁላችንም በላይ ያውቃል። ዕድሜውን የጨረሰው ከመንደራችን በላይ ባለው የጥንት የሃን ዘመን ንጉሥ መቃብር ቁፋሮ ላይ፣ በቀርከሃ ስንጥርና በብሩሽ አፈር ሲጠርግ ነው። እራት ላይ ይተርክልናል። ንጉሡ የሸክላ ምድጃ፣ የሸክላ አሳማ፣ የሸክላ ዶሮ ይዞ ወርዷል፤ በወዲያኛው ዓለምም መብላት አለና። የሸክላ አሽከሮቹ ቁመታቸው ከጉልበት ብዙም አያልፍም፤ የሐር ልብሳቸውና የእንጨት ክንዳቸው በስብሶ ራቁታቸውን ቆመዋል። እሱ ይህን ሲያወራ ሚስቱ ሚያኦ ቹዪን ታቦካለች፣ ታቀርባለች፣ ታነሳለች። ዳንግ አንድ ሳህን ሲያነሳ አይቼው አላውቅም።

አምና መኸር ላይ የእነሱ ተራ ደረሰ። ባልና ሚስት ጎን ለጎን ስለሚተኙ ለሁለት ክፍል የሚበቃ ጡብ አስቆለልኩ። ቹዪን እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች።

«ለእሱ ብቻ ሥራለት» አለችኝ።

«አንቺስ፣ እትዬ?»

«ለእኔ የወንድሜ ማሳ ጥግ ይበቃኛል።»

ዳንግ እንደ ልማዱ በልጃቸው ስም እየጠራት ሳቀ። «የዌይ እናት፣ ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«እዚህስ አንድ ቀን ያበቃል እያልኩ ቻልኩት። እዚያ ማብቂያ የለውም። ለዘላለም ላቦካልህ ነው?»

«የሸክላ አሽከር እናስገባለን።»

«ክንድ የላቸውም ስትል አልነበር? ሁለት ክንድ ያለህ አንተስ ምን ሠራህ?»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ዕድሜ ልኳን አብራው የኖረች ሴት ለዘላለሙ ልትለየው ነው። አሳዘነኝ፤ ግን የእኔም ሚስት እዚያው ቆማ ትሰማ ስለነበር ጡቤን መቁጠር ጀመርኩ።

በማግስቱ ዳንግ አንዲት የሸክላ ወጥ ሠሪ ምስል አበጅቶ አመጣላት። እንዳይበሰብስ ክንዷን ከገላዋ ጋር አንድ አድርጎታል። ቹዪን አገላብጣ አየቻት።

«ክንድስ አላት። ማቡካት ማን ያስተምራታል?»

«እኔ» አለ ሳያስበው።

«አንተንስ ማን አስተማረህ?»

ከዚያ ወዲያ ዳንግ ከነጢሙ ዱቄት በዱቄት ሆነ። የእኛ አገር ኑድል እንደ ቀበቶ ሰፊ ነው፤ የእሱ ግን የጫማ ሶል ሆኖ ወጣ። ሠራተኞቼ «አሽከር ዳንግ፣ ክንድህ በቀለልህ?» እያሉ ያበሽቁታል፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ ያቦካል። እኔም እሱ እስኪለምድ ሆን ብዬ ሥራውን አጓተትኩ።

በመጨረሻ የጣሪያው ቅስት በጡብ የሚዘጋበት ቀን ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ክፍል መጨመር አይቻልም። በዚያን ቀን ለግንበኞች ኑድል የሚያቀርበው ባለመቃብሩ ነው። ዳንግ ራሱ አቡክቶ፣ ራሱ ቀቅሎ መጣ። የመጀመሪያውን ሳህን ግን በሁለት እጁ ይዞ እኔን አለፈኝና ጡብ ቁልል ላይ ለተቀመጠችው ለቹዪን ሰጣት። ሁላችንም የራሳችንን ሳህን ረስተን አፏን እናያለን።

«ጨው ይጎድለዋል» አለች። ሾርባውን እስከ መጨረሻው ጨለጠችና ባዶውን ሳህን መለሰችለት፤ ተቀብሎ ሊያጥበው ሄደ። በዓይኗ ሸኘችውና ወደ እኔ ዞረች።

«በል የእኔንም ክፍል ሥራ። ምድጃው ግን በእሱ በኩል ይሁን።»