የእሁድ ዓሣዎች

ልጄ ስድስት ዓመት ሲሆናት ከእናቷ ጋር አዲስ አበባ ሄደች፤ እኔ ሚዛን ተፈሪ ቀረሁ። ማን ማንን እንደተወ ከእናቷ ጋር ዛሬም አልተስማማንም። ሁለታችንም እልኸኞች ነን፤ ሁለታችንም አልተሸነፍንም። የተሸነፈችው ልጅቷ ናት።

እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ እደውልላታለሁ።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ።»

«ትምህርት እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው።»

«ምን ላምጣልሽ?»

«ምንም።»

ከኋላዋ የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማኛል። «እሺ አባዬ፣ ቻው» ትለኛለች። ሁሉ ነገር ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ስልኩን እንደያዝኩ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ እላለሁ። ያን ጊዜ ብቸኝነት ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ ቢኖር ያቺን ሁለት ደቂቃ ነበር የማስረዳው። ደግነቱ የጠየቀኝ የለም።

ሥራዬ የውሃ ጥራት ነበር። በየምንጩና በየጉድጓዱ እየዞርኩ ውሃ እቀዳለሁ፤ መመርመሪያ ፈሳሽ ጠብ አድርጌ ቀለሙን አያለሁ፤ እመዘግባለሁ። አንድ ቅዳሜ ከአማን ከተማ ወዲያ ባለ ጅረት ናሙና ስወስድ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ሦስት ትንንሽ ዓሣዎች ገብተው አገኘሁ። ከትንሿ ጣቴ አይበልጡም፤ ጎናቸው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አላቸው። ልደፋቸው ጎንበስ አልኩና ነገ እሁድ መሆኑ ትዝ አለኝ። ይዣቸው ቤቴ ገባሁ።

«ቤቴ ውስጥ ዓሣ አለ» አልኳት በማግሥቱ።

«የሚዋኝ?»

«የሚዋኝ።»

ቴሌቪዥኑ ተዘጋ። ሃያ ደቂቃ አወራን። በሚቀጥለው እሁድ ለሦስቱም ስም አውጥታ ጠበቀችኝ። ስማቸውን እዚህ አልጽፈውም፤ የእሷ ነው።

ባልዲ ውስጥ ማኖሩ ስላሳፈረኝ ገበያው አጠገብ ያለው መስታወት ቆራጭ ዘንድ ሄጄ ሣጥን አዘዝኩ። ሰውዬው መጠኑን ጽፎ ሲያበቃ ቀና አለና፣ «ጋሼ፣ ለሳምቡሳ ከሆነ በር ያስፈልገዋል» አለኝ። ለዓሣ ነው ስለው ሳቁን ዋጠ። አራት ጀሪካን የሚይዝ ሣጥን ሠራልኝ። ለሳምቡሳ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር፤ ውሃ ሲሞላ ግን በሁለት ማዕዘን አፈሰሰ። ማጣበቂያውን ሦስት ጊዜ ደጋገምንበት።

ከዚያ በኋላ ሰው የሚያኮራውን ሁሉ ትቼ በአራት ጀሪካን ውሃ መኩራት ጀመርኩ። የእኛ አገር ውሃ ከዝናብ ወርዶ በጫካ ቅጠልና በቀይ አፈር አልፎ የሚመጣ ነው። ኖራ የሚባል የለውም። ሳሙና አረፋ ያወጣበታል፤ ልብስ ያጸዳል፤ ዛጎል ግን ይበላል። ከረግረግ ዳር ከነሣሩ ያመጣኋት ቀንድ አውጣ ቅርፊቷ ከጫፉ እየነጣ ይሸራረፍ ጀመር። ፒኤቹን ስለካው ከስድስት በታች ነው፤ ማለትም ወደ ኮምጣጤው ወገን ያደላል። የቧንቧ ውሃ ስጨምር ደግሞ ክፍት ባልዲ ውስጥ ሁለት ቀን አሳድረው ነበር፤ ክሎሪኑ እንዲተንን። ክሎሪን ለሰው ጤና ነው፤ ዓሣ ለሚተነፍስበት ስንጥብ ግን እሳት ነው።

ይህን ሁሉ ለልጄ እነግራታለሁ። የስምንት ዓመት ልጅ ስልክ አንስታ ከሰላምታ በፊት «ፒኤች ስንት ነው?» ስትል የሰማ አባት ካለ ደስታዬን ያውቀዋል።

አንድ እሁድ፣ «ለምን ኮራል አታስገባላቸውም?» አለችኝ። መጽሐፍ ላይ ሥዕሉን አይታለች። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ እንደሆነ፣ ቤቱን ከባሕር ውሃ ውስጥ በሚያገኘው ኖራ እንደሚሠራ፣ ጨው፣ ሙቀትና ብርሃን እንደሚፈልግ፣ የሚዛን ውሃ ለእሱ ባዶ ጓዳ እንደሆነ አስረዳኋት።

«የሞተውንስ?» አለች።

ሳቅኩ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አሰብኩበት። የሞተ ኮራል ቅርፊቱ ኖራ ነው። የጎደለን እሱ አይደል? ግቢያችን ውስጥ የሚከራይ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ከእኛ ቡና ጭኖ ይወጣል፤ አንዳንዴም እስከ ጅቡቲ ይዘልቃል። ለመንኩት። ከሁለት ወር በኋላ አበባ ጎመን የሚያህል ነጭ ነገር በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣልኝና፣ «ሌላው ሰው ከወደብ ሽቶ ያስመጣል፤ አንተ ድንጋይ ታስጭነኛለህ» አለኝ።

ጨዉ እንዲወጣለት ለአሥር ቀን ውሃ እየቀያየርኩ ዘፈዘፍኩት። ከዚያ ሣጥኑ ውስጥ አስገባሁት፤ የመጀመሪያው ቀን ለአንድ ሰዓት፣ በማግሥቱ ለሁለት፣ እንዲህ እያልኩ። ውሃ በድንገት ከተለወጠ ዓሣ ይደነግጣል። ፒኤቹ ቀስ እያለ ከኮምጣጤው ወገን ወጥቶ ሰባት ደረሰ። ቀንድ አውጣዋ ከነጣው ጫፍ ሥር አዲስ ቡናማ ቅርፊት አበቀለች። አከራዬ የሆኑት አሮጊት እማማ አንድ ቀን ወንበር ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። የቤንች ሰው ናቸው፤ ጸሎት ቤት የማይቀሩ። ዓሣዎቹ አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ብዙ ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ እነዚህ ጸሎት አያቋርጡም እኮ» አሉኝ።

ክረምቱ ሲቃረብ የልጄ እናት ራሷ ደወለች። ለሁለት ዓመት ሙሉ ያልሆነ ነገር ነው። «ዓሣ ዓሣ ብላ ልትገለኝ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ሁለት ሳምንት አንተ ጋ ትሁን» አለች። ሳትጨርስ እሺ አልኳት። ለልጄ አልጋ ገዛሁ። ሣጥኑን ከዚያ አልጋ ትይዩ አዞርኩት፣ ስትነቃ እንዲታያት።

አተት የገባው በዚሁ መሀል ነው። ሰዉ በተቅማጥና በትውከት መውደቅ ጀመረ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን አዳራሽ ሰብስቤ ስለ ውሃ ማከም ያሠለጠንኳቸው እኔ ነበርኩ። ጠመኔ ይዤ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ «አንድ ቤት ስትገቡ የቆመ ውሃ ሁሉ ይታከም። እንስራ፣ በርሜል፣ ባልዲ፣ አንዱንም አትለፉ። የእገሌ ባለሥልጣን ቤት ነው፣ የእገሌ ባለሙያ ቤት ነው ብላችሁ እንዳትዘሉ» አልኳቸው። ጻፉት። በማግሥቱ ምንጮችን በክሎሪን እንዳክም ወደ ማጂ ተላክሁ። ቁልፌን ለእማማ ሰጠሁ። ለዓሣዎቹ በየቀኑ ቁንጥር ምግብ እንዲበትኑ፣ ሌላ ምንም እንዳይነኩ ነገርኳቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ስመለስ በቤቴ በር ላይ በነጭ ጠመኔ የራይት ምልክት ተደርጓል። ቤቱ ታክሟል ማለት ነው። ቆሜ አየሁት። በሩን ስከፍት የክሎሪን ሽታ አፍንጫዬን መታው፤ ያን ሽታ ከእኔ በላይ የሚያውቅ በከተማው አልነበረም። ውሃው እንደዚያ ጠርቶ አያውቅም። ሣሩ ነጥቷል። ቀንድ አውጣዋ ከቅርፊቷ ወጥታ ተዘርግታለች። ዓሣዎቹን እማማ አውጥተው ጓሮ እንሰት ሥር ቀብረዋቸዋል።

«የጤና ሠራተኛዋ መድኃኒት ሰጠቻቸው፣ ልጄ» አሉኝ። «አንተ የላክሃት ናት ብዬ ከፈትኩላት። በዚያው ቀን ጸሎት አቆሙ።»

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን በማግሥቱ ጤና ኬላው በር ላይ አገኘኋት። ገና ሳልናገር ፊቷ በራ። «የእርስዎን ቤት እንኳ አልዘለልኩም ጋሼ! በጀሪካን ለክቼ ነው ያደረግሁት» አለችኝ። መጠኑን ጠየቅኳት፤ በአንድ ጠብታ እንኳ አልተሳሳተችም። «ደግ አደረግሽ» አልኳት። ደግ አድርጋለች። የእሷ ቀበሌ ያን ክረምት ከሁሉም ተሽሎ ነበር። ዓሣዎቹን ሊያድናቸው ይችል የነበረው፣ ክሎሪን የሚያከሽፈው የላብራቶሪ ጨው ደግሞ ማጂ ድረስ ይዤው በዞርኩት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

እሁድ ደረሰ። ልጄ የአንዱን ዓሣ ስም ጠርታ «እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ወፍሯል» አልኳት።

ይህን ያህል ቀላል ነው። በሚቀጥለው እሁድ ከእጄ መብላት እንደጀመረ ነገርኳት። በሦስተኛው እሁድ ሁለቱ ተጣልተው በኮራሉ ግራና ቀኝ ተኮራርፈዋል አልኳት፤ ከትከት ብላ ሳቀች። ባዶውን ውሃ መለካት ስላላቆምኩ የነገርኳት ፒኤች እውነት ነበር። ሌላው ሁሉ ውሸት። በየመሀሉ ሌላ ዓሣ ላጠምድ አጎበር ቆርጬ ወደዚያ ጅረት እወርዳለሁ። ጅረቱ ግን ሞልቶ ጭቃ ሆኗል፤ አንድ ቀን አንሸራቶኝ እስከ ወገቤ ገባሁ። ከቅጠል በቀር ያወጣሁት የለም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ ግን ንጋቱ እንዳይመጣ ነበር የምጸልየው፤ ዓሣዎቹ ከሌሉ ልጄም እንደማትመጣ እርግጠኛ ነበርኩ።

በአራተኛው እሁድ ሥዕል እየሣለችላቸው እንደሆነ፣ ስትመጣ ሣጥኑ ላይ እንደምትለጥፈው ነገረችኝ። አቃተኝ።

«ሞተዋል» አልኳት።

«የትኞቹ?»

«ሁሉም። ወር ሊሞላቸው ነው።»

ስለ ክሎሪኑ፣ ስለ ሥልጠናው፣ ስለ ስንጥብ መተንተን ጀመርኩ። አቋረጠችኝ።

«እሱን አይደለም። ለምን ዋሸኸኝ?»

ሰው ለስምንት ዓመት ልጅ የማይለውን አልኳት። «ዓሣ ከሌለ ከእኔ ጋር የምታወሪው አይኖርሽም ብዬ።»

«ቻው» አለች፤ አባዬ አላለችም።

በሳምንቱ መሀል እናቷ ደውላ በሽታው እስኪጠፋ መምጣቷ ይቅር አለች። ልክ ነበረች፤ እኔም ብሆን አልልክም ነበር። ሣጥኑን አጠብኩት። አዲሱ አልጋ ላይ ልብሴን ስከምር ከረምኩ።

እሁድ ሲመጣ ለመደወል ወኔ አጣሁ። ሰዓቱ ደረሰ፤ አለፈ። ምን እላታለሁ? ተነሥቼ ልወጣ ስል ስልኩ ጮኸ። ከሄደች ጀምሮ ልጄ ደውላልኝ አታውቅም።

«ለምን አልደወልክም?» አለችኝ።

«የምነግርሽ ነገር የለኝም ብዬ ነው።»

«ዛሬ ምን በላህ?»

ሽሮ የሚል ውሸት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «አልበላሁም» አልኳት።

«ከጠዋት ጀምሮ?»

«ከጠዋት ጀምሮ።»

ልክ እንደ እናቷ ተነፈሰች። «በል ብላና መልሰህ ደውልልኝ» አለችኝ። «ስልኩ አጠገብ ነኝ፤ እጠብቃለሁ።»

ቡታጋዙን ለኮስኩ። ምን እንደበላሁ መጠየቋ አይቀርምና ሽንኩርቱን በደንብ ከትፌ ሽሮዬን ሠራሁ።