ለአባቴ የተባለው አሜን

አባቴ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡረታ ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። መርሳት ከጀመረው ወዲህ ግን ጠዋት ጠዋት ፈረቃ እንዳያልፈው ይቸኩል ነበር። እኔ ወይም እናቴ በር ላይ እንይዘዋለን። አንድ ሰኞ አልያዝነውም።

ፖሊስ ጣቢያ አመለከትን፤ ከአቃቂ በሰቃ እስከ ቃሊቲ እየዞርን ጠየቅን። ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩ። ያየው ዘመድ ብቻ ነው፤ ዘመድ ደግሞ ቀድሞ ሰምቷል። በማግስቱ ብዙ ተከታይ ያለው አንድ ፔጅ ፎቶውን ወስዶ ሲለጥፈው አገር ምድሩ ተቀባበለው። የማናውቀው ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ያገናኛችሁ» ሲለን እናቴ ስልኬን ተቀብላ ሳመችው። እኔም ተስፋ አደረግሁ።

ሐሙስ ጠዋት ጎረቤቶቻችን እልል እያሉ ገቡ። ፔጁ «አባታችን ተገኝተዋል፤ አሜን በሉ» ብሎ ጽፏል። እናቴ አባቴ ከኋላቸው ያለ መስሏት ወደ በሩ ሮጠች።

የፔጁን ባለቤት በስንት ልመና በስልክ አገኘሁት። ረጋ ብሎ አስረዳኝ። የመጥፋቱ ዜና መዞር አቁሞ ነበር፤ ሰው ደስ የሚል ነገር ሲያይ ላይክ ያደርጋል፣ ያኔ ለማን ምን እንደሚታይ የሚመርጠው የፌስቡክ አልጎሪዝም ለሌላው ያዳርሰዋል፣ ለእሱም በተመልካቹ ልክ ይከፈለዋል። «መገኘቱን ከማን ሰማህ?» ስለው «ከኮሜንት» አለኝ። ሰደብኩት፤ ቀጥዬ እያለቀስኩ ለመንኩት። ማስተካከያ አወጣ፤ አልዋሽበትም። ግን «አልተገኙም» ለሚል ወሬ ማን አሜን ይላል? እልልታው በየስልኩ ሲዞር ማስተካከያው እዚያው ተቀብሮ ቀረ። ይህን አልጎሪዝም የሚሉትን ነገር የሠራው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እጁን ይቁረጠው።

እሑድ አንድ የሰፈራችን የከባድ መኪና ሹፌር ከመንገድ ተመልሶ እንኳን ደስ አላችሁ ሊለን መጣ። አልተገኘም ስንለው ቆቡን አውልቆ ቆሞ ቀረ።

«ዓርብ ዱከም ላይ አይቻቸዋለሁ፤ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው» አለ። «ተገኝተዋል የሚለውን አንብቤ ነበር። ከሰው ጋር ናቸው ብዬ አለፍኩ።»

ወዲያው በእሱ መኪና ሄድን። ያገኘነውን ሁሉ ጠየቅን፤ ወዴት እንዳለፈ የሚያውቅ የለም። እስከ ዛሬም አላገኘነውም። ያን ቀን ሹፌሩ ድንጋዩን ሲያሳየን እናቴ ሄዳ ተቀመጠችበት፤ እስኪመሽ ድረስ ማንም ሊያስነሳት አልቻለም።