የጀውሃዋ ሞቶሪኖ

ሰው በጥይት ይጠፋል፣ በወባ ይጠፋል። የእኛን ቤት ሊያጠፋ የነበረው ግን አንድ ባልዲ ውሃ ነው፤ ያልደፋሁት ውሃ።

በጣሊያን ጊዜ ሸዋ ሮቢት ካለው የመንገድ ሥራ ካምፕ የትራክተር ረዳት ነበርኩ። ትራክተሩ በጎማ ሳይሆን በብረት ሰንሰለት የሚሄድ፣ ከፊቱ አፈር የሚገፋበት ሰፊ ብረት ያለው አሮጌ ማሽን ነው። ትልቁ ሞተር በናፍታ ይሠራል፤ በሰው ጉልበት ግን አይነሳም። ጎኑ ላይ አንዲት ትንሽ የቤንዚን ሞተር አለች። እሷን በገመድ ስበን እናስነሳለን፤ እሷ ደግሞ ትልቁን ትቀሰቅሰዋለች። ጣሊያኖቹ ሞቶሪኖ ይሏታል፤ እኛም ሞቶሪኖ አልናት። ያለ እሷ ትልቁ ዝም ብሎ የተገተረ ብረት ነው።

ሥራውን ያስተማረኝ ጣሊያን መካኒክ ለሥራ ወደ ብርዳሙ የጣርማ በር ተራራ ወጥተን ሳለን ማታ ማታ የሞቶሪኖዋን ማቀዝቀዣ ውሃ ያፈሰው ነበር፤ ጠዋት እንደገና ይሞላዋል። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም የፈረንጅ ነገር ብዬ አልጠየቅሁትም። ወባ ሲጥለው ወደ አዲስ አበባ ወሰዱትና ማሽኑ በእኔ እጅ ቀረ። እኔ ደግሞ የይፋት ቆላ ልጅ ነኝ። በእኛ ዘንድ ውሃ መድፋት ነውር ነው፤ እናቴ እጅ የታጠብንበትን እንኳ ለዶሮ ታስቀምጥ ነበር። እዚያ ተራራ ላይ ውሃው ከገደል ሥር በአህያ ተጭኖ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሳልደፋው አደርኩ፤ እንዲያውም ቆጣቢነቴ አኮራኝ። ጠዋት ስመጣ የሞቶሪኖዋ ጎን ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁ ውስጥ ነጭ ነገር ይታያል። በጣቴ ብነካው በረዶ ነው። ውርጭ ብረት እንደሚሰነጥቅ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አለቃችን፣ ካፖ የምንለው ጣሊያን፣ ይህን ሁሉ ሊሰማኝ አልፈለገም። «ሽፍቶቹ አዘውህ ነው» አለ። ሽፍታ የሚለው አርበኞቹን ነው። እኔን እንዳያስረኝ ማሽኑን የሚያውቅለት ሌላ ሰው የለም፤ ስለዚህ እዚያው ካምፕ ድንጋይ የሚፈልጠውን ታላቅ ወንድሜን አሰረው። ማሽኑን በካሚዮን አስጎትተን ወደ ሮቢት ስናወርድ ወንድሜም እጁ እንደታሰረ አብሮን ወረደ። ሞተሩ እስከ ሳምንቱ ገበያ ካልተነሳ ወንድሜ ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄደው መኪና እንደሚጫን ተነገረኝ። በዚያ መኪና ተጭኖ ሄዶ ሲመለስ ያየነው ሰው አልነበረም።

ወንድሜን በቆርቆሮው ቤት ቀዳዳ አነጋገርኩት። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። «ምሳ በልተሃል?» ብቻ አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መለዋወጫ ከአስመራ ይመጣል ቢባል ወራት ይፈጃል። የዚህ ማሽን መንታ ግን ዓምና ጀውሃ ወንዝ አጠገብ አርበኞች አቃጥለውት እዚያው ቀርቷል። ካፖው ወታደር ቢልክ ተመልሶ የሚመጣ ስላልመሰለው እኔን ላከኝ፤ የአገር ልጅ ነው፣ አይነኩትም ብሎ ይሆናል። ለአርበኛው ባንዳ፣ ለጣሊያኑ ሽፍታ መሆኔን አላሰበውም። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላሉ። እኔ በሁለቱም ተሰቅዬ ነበር።

የተቃጠለውን ማሽን ማሽላ መሃል አገኘሁት፤ ሞቶሪኖዋ ግን የለችም፣ ቡሎኖቿ ተፈትተዋል። ማሽላ የምትጠብቅ ሴት ብጠይቃት «እሷማ አበጋሩ ግቢ ናት» አለችኝ። አበጋር በእኛ አገር ደም የተቃባ የሚያስታርቅ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ቃሉን የሚያከብርለት ሽማግሌ ነው። ግቢያቸው ስደርስ ሞቶሪኖዋ መሬት ተቀምጣለች፤ ግመል ታስሮባታል። ከእሳቱ ወጥታ የግመል ካስማ ሆናለች። ሦስት የታጠቁ ሰዎች ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ የካምፑን ካኪ ሲያዩ አንዱ «ባንዳ!» ብሎ ጠመንጃውን አቀባበለ። ሽማግሌው ሳይቸኩሉ ተነሡና ዱላቸውን በእሱና በእኔ መካከል አጋደሙት። የአበጋር ዱላ በተጋደመበት ደም አይፈስም።

«ምን ፈልገህ መጣህ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ግመልዎ የታሰረባትን ብረት፣ አባ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ውሃውንም፣ በረዶውንም፣ ወንድሜንም።

«ውሃ ላለመድፋት ብለህ?» አሉና ሳቁ። «ወላሂ፣ ይኼስ የእኛው ልጅ ነው!»

ያቀባበለውም ሰውዬ ፈገግ አለ። ሽማግሌው ወዲያው ሳቃቸውን ተዉና፣ ማሽኑ ከተነሣ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቁኝ። መንገዱ በዚሁ ቆላ እንደሚያልፍ አልዋሸኋቸውም። ከግራሮቹ ሥር የተደረደሩ ድንጋዮችን አሳዩኝ።

«የአባቶቻችን መቃብር ነው። ወንድም ከብረት ይበልጣል፤ ብረቱን ውሰድ። መቃብራችንን ግን አትንካብን።»

«ወንድሜ ይሙት፣ አልነካውም!» አልኳቸው።

አፌ የለመደው መሐላ ነው። የማስፈታውን ሰው መያዣ አድርጌ መስጠቴ የታወቀኝ ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው። ሽማግሌው «በእሱ ባትምል ደግ ነበር» አሉ።

ያቺኑ ግመል ፈትተው አዋሱኝ። ጭነት ካልተመጣጠነ ግመል አይነሣም፤ ስለዚህ የሞቶሪኖዋን አካል በአንድ ጎን፣ የፈታሁትን ክብ ብረቷንና ድንጋይ የሞላ ጆንያ በሌላው ጎን ጫንን። ካምፕ ከደረስኩ በኋላ ጥቀርሻዋን ስፍቅ፣ የተቃጠለውን ክፍሏን ከተሰነጠቀችው ስቀይር ሰነበትኩ። በገበያው ዋዜማ ገመዱን ስስብ አስነጠሰች፣ ደግሜ ስስብ ተነሣች። ትልቁ ሞተር ሲያጓራ አለቀስኩ። ወንድሜን ለቀቁት፤ ግን ወደ ቤት አልሰደዱትም፣ ወደ ድንጋዩ መለሱት። ማሽኑ አንድ ቀን ቢቆም ወንድሜ ተመልሶ እንደሚታሰር ካፖው በሁለታችን ፊት ተናገረ።

ከሳምንታት በኋላ መንገዱ ጀውሃ ደረሰ። የመንገዱ መስመር ችካሎች በመቃብሩ መሃል ተተክለዋል። ካፖውን ትንሽ ወደ ወንዙ እንድናጥፈው ለመንኩት፤ «ተቀይሷል» አለኝ፣ በቃ። ማሽኑን ላበላሸው አሰብኩ፤ ወንድሜን አስቤ ተውኩት። ልጥፋ አልኩ፤ አሁንም ወንድሜ አለ። በእሱ ምዬ ነበር፣ ለእሱ ስል ላፈርሰው ነው። ሌሎቹ ሲተኙ እኔ የመቃብሩን ድንጋይ ስቆጥር አደርኩ።

ጠዋት ማሽኑን ነድቼ ስደርስ ሽማግሌው ከመቃብሩ ጫፍ ብቻቸውን ቆመዋል። የታጠቁት ሰዎች አልነበሩም። አቆምኩ፤ ሞተሩ ግን ይሠራል። ቀርበው ቀና ብለው አዩኝ። እርግማን ጠበቅሁ።

«ወንድምህ ተፈታ?» አሉኝ።

«ተፈታ፣ አባ። ያውና» ብዬ ከኋላ ድንጋይ ከሚሸከሙት መሃል አሳየኋቸው። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ብዙ አዩት።

«አልሐምዱሊላህ። መሐላውን ለእኔ ነው የማልከው፤ እኔ አንሥቼልሃለሁ። ወንድምህ ምንም አይሆንም፣ አትስጋ።»

ከዚያ ከመንገዱ ወጥተው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ካፖው ከኋላ «አቫንቲ፣ ቀጥል!» እያለ ይጮኻል። ሞተሩ እንዲጠፋ አምላኬን ለመንኩት። አልጠፋም። ዘንጉን ወደ ፊት ገፋሁት።