ሊማሊሞ ላይ የያዘኝ እጅ

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን። በየጾሙ መግቢያ እፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የተውኩትን ስግደት አንድ በአንድ እዘረዝራለሁ። እዚህች ላይ ስደርስ ግን ጭቃ እንዳየች በቅሎ ዞሬ አልፋታለሁ። እሳቸው "ሌላስ ልጄ?" ይላሉ። እኔም "ሌላ የለም አባቴ" እላለሁ። እንግዲህ አንባቢዬ፣ አንተ ስማኝ። መልክህን ስለማላውቀው ነው የደፈርኩት።

የዳባት ብራና ፋቂ ልጅ ነኝ። አባቴ የፍየልና የበግ ቆዳ ወጥሮና ፍቆ የቅዱሳት መጻሕፍት ገጽ ያደርግ ነበር። ታርዶ ደሙ ያልፈሰሰ እንስሳ ቆዳ በእጁ አይነካም። "ሞቶ የተገኘ ደሙን ውስጡ ይዞ ይቀራል፤ ኋላ ብራናው ላይ ይወጣል" ይል ነበር። እኔ እጁን ወረስኩ፣ ሕጉን ግን ገለበጥኩት። ደባርቅ ላይ ባለ ሁለት ክፍል ኤግዚቢሽን አለኝ፤ የሰፈሩ ሰው "የሙታን ቤት" እያለ ያሾፍብኛል። ከገደል የወደቀ ዋልያ ቀንድ፣ ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ሥር የተለቀመ የጥንብ አንሳ ክንፍ፣ ቆዳው ለፍቶ እንደ ቁመናው የቆመ ቀይ ቀበሮ አለ። ፈቃድ አለኝ። ሕግም አለኝ፤ ካልሞተ አልነካም፣ ለእኔ ተብሎ የሚገደል የለም። በእያንዳንዱ ሥር ካርድ ተለጥፏል። ካርዱ የት እንደተገኘ ይናገርና "ሞቶ የተገኘ" ይላል፤ ከታች የምስክር ፊርማ አለበት። ምስክሩ እኔ መሆን አልችልም። ይህንንም ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ በንጽሕናዬ እንዲህ እኮራ ነበር።

አንድ የክረምት መውጫ ጠዋት ከዛሪማ በሞተር ወደ ደባርቅ እየወጣሁ ነበር። ሊማሊሞ አጋማሽ ላይ ጭጋጉ መንገዱን ዋጠው፤ ጎማዬ መሬት የለቀቀ እስኪመስለኝ ድረስ። በዚያ ነጭ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ጎፈር አየሁ። አውራ ጭላዳ ዝንጀሮ ነው፤ መኪና ገጭቶት አልፏል። እንዲህ ያለ ጎፈር ለዓመታት ስመኝ ኖሬያለሁ። መጀመሪያ ያልኩት ምን ነበር? "አገኘሁ!" ነው ያልኩት። ከዚያ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ።

ሕያው ነበር። እደግመዋለሁ፣ ሕያው ነበር።

የእንስሳት ሐኪም ደባርቅ አለ። ሞተሬ አልጠፋም፤ ጋቢዬም እሱን ለመጠቅለል ይበቃ ነበር። ጋቢዬን አወለቅኩ። ልጠቀልለው መሰለህ? ከአፉ የሚወርደው ደም ጎፈሩን እንዳያበላሽ አንገቱን ቀና አድርጌ ከሥሩ አነጠፍኩት። ጎፈር ላይ የደረቀ ደም በቀላሉ አይለቅም፤ ሙያዬ ነውና አውቃለሁ። እሱ ግን ደግነት መሰለው። እጁን አንስቶ ጣቴን ያዘ።

ትንሽ፣ ጥቁር፣ ሙቅ እጅ ነበር። መንጋው ገደሉ አፍ ላይ ተቀምጦ ያጉረመርማል፤ አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ይመጣል። ጭጋጉ ሲሸሽ ዛፎቹ ይታያሉ፣ ሲመለስ ይጠፋሉ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። የት እንዳለሁ ዘንግቼ ነበር ብል አልዋሸሁም፤ ምን እያደረግኩ እንደሆነ ግን አልዘነጋሁም። እየጠበቅኩ ነበር። ካልሞተ አልነካም ብዬ የለ? ሕጌ እስኪሟላ ጠበቅኩ። ጣቴን በያዘበት ሞተ።

ሐኪሙ አያድነውም ነበር ይሆናል። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ ነገርኩት! ነገር ግን ያልወሰድኩት አይድንም ብዬ አይደለም። ይድናል ብዬ ፈርቼ ነው።

ምስክር ሲያስፈልገኝ አያ ደሴን አስጠራሁ። አያ ደሴ ዕድሜያቸውን በፓርክ ጠባቂ ስካውትነት የጨረሱ፣ የሊማሊሞን መንጋ በመልክ የሚለዩ ሽማግሌ ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም። የጭላዳውን የተቀደደ ግራ ጆሮ ሲያዩ ዝቅ ብለው ተቀመጡ።

"ኧረ ግራዝማች!" አሉ። ለጭላዳው ሹመቱን የሰጡት እሳቸው ናቸው። "ምነው? ምነው በመኪና? ... ተሰቃይቷል እንዴ?"

"የለም አያ። ስደርስ ሞቶ ነው ያገኘሁት።"

"ተመስገን። አንተ ካልኸኝማ አምናለሁ።"

አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ካርዱ ላይ አኖሩ።

ቆዳውን ገፍፌ አለፋሁት፤ ሽቦና ጭድ አስገብቼ አስቀመጥኩት። ዓይኑን በመስታወት ተካሁ። ቀኝ እጁ እንደተጨበጠ ነበር። ቆዳው እርጥብ ሳለ ልከፍተው እችል ነበር፤ አልከፈትኩትም። ለምን? ዛሬም አላውቅም። የሚያየው ሁሉ "ሕይወት ያለው ይመስላል" እያለ ያደንቀኛል። በእጄ ሥራ ያን ያህል ተደንቄ አላውቅም፤ ያን ያህልም አፍሬ አላውቅም።

አያ ደሴ ግን ጠየቁ፤ "ምን ጨብጦ ነው?"

"ሣር" አልኳቸው።

"ጭላዳ እኮ ሣር የሚነቅለው በጣቶቹ ጫፍ ነው፣ ለቀም ለቀም አድርጎ። እንዲህ በመዳፉ ሙሉ ሲጨብጥ አይቼ አላውቅም።"

"የሞት ነገር ነው አያ።"

"ይሁን። የሞት ነገርማ በማን ታውቆ።"

ከዚያ ወዲህ በየገበያው ቀን ይመጣሉ። ከሊማሊሞ አፋፍ የነቀሉትን ለምለም ሣር በኪሳቸው ይዘው ይመጡና የደረቀውን አውጥተው አዲሱን ከጭብጡ ውስጥ ያስገባሉ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው "በል እስቲ አንብብልኝ" ይሉኛል። እኔም አነባለሁ፤ "ሞቶ የተገኘ። ምስክር፦ አያ ደሴ።" ስማቸው ሲጠራ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንድ ጊዜ የዋሸሁ እንዳይመስልህ። በየሳምንቱ፣ ጮክ ብዬ፣ እፊታቸው ስዋሽ ኖሬያለሁ።

ባለፈው ገበያ ጎረቤቶቻቸውን ይዘው መጡ። እነዚያ ገበሬዎች "እሱ ቤት አውሬ እያስገደለ ነው የሚያቆም" ብለው አንረግጥም ያሉ ናቸው። አያ ደሴ አውራ ጣታቸውን ቀስረው አሳዩአቸው። "ይቺን አኑሬበታለሁ። እሱ ከዋሸ ደሴ ዋሸ በሉኝ" አሉ። ሰዎቹም አመኑ፤ ማን የአያ ደሴን ቃል ይጠራጠራል? ስንት ዘመን ገደል ለገደል ዞረው ያፈሩት ስም ነው። ያን ስም እኔ ለአንድ ጎፈር ከፈልኩት።

በሩን ስከፍት ጭጋግ የሚገባባቸው ቀናት አሉ። ያን ጊዜ ቀንዱም ክንፉም ይጠፋና ያች እጅ ብቻ ትቀራለች፤ አየር ላይ ተንሳፍፋ፣ ሣሯን ይዛ። ቀይ ደረቱ ከፍ ዝቅ ያለ ይመስለኛል። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" ይባላል፤ ሊማሊሞ ላይ ነግቶበት የማያውቅ ሰው የተረተው ይመስለኛል። የእኔ ንጋት እያደር ጨፈገገ። በቀደም ማንም ሳይኖር ሣሩን አውጥቼ ጣቴን አስገባሁ። ልክክ አለ።

ዛሬ ካርዱን ላጥኩት። በምትኩ እንዲህ ጻፍኩ፤ "አውራ ጭላዳ። ሊማሊሞ። በሕይወት የተገኘ። ያገኘው ሰው እስኪሞት ጠበቀው።" የምስክሩን ቦታ ባዶ ተውኩት። አባቴ እውነቱን ነበር፤ ደሙ ኋላ ይወጣል።

ነገ ገበያ ነው። አያ ደሴ ሣራቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ "አንብብልኝ" ይሉኛል፣ አነብላቸዋለሁ። ጎረቤቶቻቸውንም እየዞርኩ ውሸታሙ እኔ መሆኔን እነግራቸዋለሁ። አያ ደሴን ይቅር በሉኝ አልላቸውም፤ እንዲህ ያለ ሸክም በስተርጅና ላሸክማቸው አልፈልግም። ግራዝማችንም ይቅርታ አልለምነውም፤ የሚያይበትን ዓይን በመስታወት የተካሁት እኔ ነኝ። አያ ደሴ "ታዲያ የጨበጠው ምን ነበር?" ካሉኝ ግን ጣቴን አሳያቸዋለሁ።